የመሣሪያ መጻሕፍት ታሪክ፤ ከድሬዳዋ እስከ ሐዋሳ

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ሐዲድ የመዘርጋትን ፈቃድ በሰጡ ጊዜ፣ ወደ ሀገራችን ሊገባ የተሰናዳው ብረትና እንፋሎት ብቻ አልነበረም፤ ማሞቂያው የሚችለውን የግፊት ልክ፣ የቱቦውን ውፍረት፣ የመንኰራኵሩን ማረፊያ፣ የሚፈታውንና የሚታሰረውን ሁሉ በሥዕልና በቁጥር የሚናገር አዲስ ዓይነት መጽሐፍም አብሮ ሊገባ ነበር። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከበረሓው ወጥቶ ድሬዳዋ ሲደርስ ከተማይቱና የባቡሩ ወርክሾፕ በአንድነት ተቈረቈሩ፤ የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበረና ሥዕሉም ደብዳቤውም የመለዋወጫው ስምም በፈረንሳይኛ ተያዘ፤ የድሬዳዋ ልጅም ቁልፍ ከመጨበጡ ጋር ቋንቋውን ከአለቃው አፍ ለቀመ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው ከብዙ ውጣ ውረድ በኋላ በ1909 ዓ.ም. ነው።

ይህ ዓይነቱ መጽሐፍ ለእኛ ባዕድ ነበረ። ጥንት የምናውቀው መጽሐፍ በብራና ተጽፎ፣ በማኅደር ተከቶ፣ በዕቃ ቤት ተሰቅሎ፣ በጠባቂው እጅ ተቈጥሮ የሚያድር ነው፤ ገልባጩም ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠነቀቀው ቃሉ እንዳይለወጥ፣ ደኃራዊው ቅጂ ከቀዳማዊው እንዳይርቅ ነበር። የመሣሪያ መጽሐፍ ጠባዩ ከዚህ ይለያል፤ ፋብሪካው መሣሪያውን ባሻሻለ ቍጥር መጽሐፉም ይሻሻላል፤ የአምናው እውነት ዘንድሮ ስሕተት ይሆናል፤ ስሕተቱም በምስጢረ ቃል ሳይሆን በሰው ሕይወት ይከፈላል። ስለዚህ ጠባቂው መጽሐፉን ከምስጥና ከእሳት እንደሚጠብቅ ሁሉ ከእርጅናም ሊጠብቀው ይገባዋል። አሁን ድረስ የምንደናቀፈው በዚህኛው ግዴታ ላይ ነው ባይ ነኝ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ትረካም ይህንኑ የሚያሳይ ይመስለኛል።

እንግሊዛዊው ቤንትሌይ በ1900 ዓ.ም. ለዐፄ ምኒልክ ያመጣት አውቶሞቢል በታሪክ ብዙ ተወርቶላታል፤ ጥገናዋ ግን አብረዋት በመጡት ሰዎች ጭንቅላት የተያዘ ስለ ነበረ እዚህ ላይ አያስቆመንም። ነገሩ መልክ የያዘው ከጠላት ወረራ በኋላ፣ በአዲስ አበባ የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ወጣቶች ሥዕል ማንበብና ብረት መቍረጥ በተማሩበት ዘመን፣ ይልቁንም በ1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካው አየር መንገድ ከቲ.ደብሊው.ኤ. ጋር በተደረገ ውል ተቋቁሞ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን በሲ-47 አውሮፕላን ወደ ካይሮ በበረረ ጊዜ ነው። የበረራ ጥገና ከሌላው ጥገና የሚለይበት ሕግ ጠጋኙ ምንም ያህል ቢራቀቅ በትዝታ እንዳይሠራ መከልከሉ ነው፤ ገጹን ከፊቱ ዘርግቶ፣ ብሎኑ የሚጠብቅበትን ልክ አንብቦ ይሠራል፤ ሲጨርስም የሠራበትን ምዕራፍና ቍጥር በመዝገብ ጽፎ ስሙን ይፈርማል፤ ያልተጻፈ ሥራ እንዳልተሠራ ይቈጠራል።

ይህን ሕግ ያጸናው ሌላ ነገር የአከፋፈል ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 የአሜሪካ አየር መንገዶች ማኅበር ቍጥር 100 የተባለውን ደንብ አወጣ፤ በዚህም ደንብ የኤሌክትሪክ ኃይል ነገር ምንጊዜም በምዕራፍ 24፣ የሃይድሮሊክ ነገር በምዕራፍ 29፣ የማረፊያ ጎማው ነገር በምዕራፍ 32 ይገኛል፤ አውሮፕላኑን ማንም ፋብሪካ ይሥራው፣ ምዕራፍ 32ን የገለጠ ሰው ጎማውን ያገኛል። ማሻሻያ በመጣ ጊዜ ደግሞ አሮጌው ቅጠል ከጥራዙ ተነቅሎ ይወጣል፤ አዲሱ በቦታው ይገባል፤ ያስገባው ሰው ስምና ቀኑ በፊተኛው ገጽ ይሰፍራል፤ የተነቀለው ቅጠልም ለማስታወሻ እንኳ በኪስ አይቀርም። በ1955 ዓ.ም. አየር መንገዳችን ቦይንግ 720 ጄቶችን ሲረከብ ወረቀቱ ከመደርደሪያ ልክ በላይ በዛ፤ በዓለም አየር መንገዶች ዘንድም ጥራዙ ወደ ማይክሮፊልም፣ ማይክሮፊልሙ ወደ ሲዲ፣ ሲዲውም ወደ ኮምፒውተር መረብ ተሸጋገረ። በሀገራችን ሥርዓት ይዞ የኖረ የጥገና ቤተ መጻሕፍት የት ነበር ተብሎ ቢጠየቅ፣ በአየር መንገዱ ሃንጋር አጠገብ ነበር ብዬ እመልሳለሁ።

በነገራችን ላይ፣ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የአብያተ ክርስቲያናትና የገዳማት የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም እየተነሡ፣ አንዱ ቅጂ በሀገር ውስጥ ሲቀመጥ ሌላው በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ወደሚገኘው የቤኔዲክታውያን ገዳም ቤተ መጻሕፍት ይላክ ነበር። ስለ ነፍስ የተጻፈው መጽሐፍ ሁለተኛ ቅጂ ሲበጅለት፣ ስለ ውሃ ፓምፕና ስለ ጄኔሬተር የተጻፈው ግን ከየመጋዘኑ ወለል የሚያነሣው አልተገኘም፤ ቢጠፋ የሚያለቅስለት ሊቅ የለውማ!

ሐዋሳ በዚህ ታሪክ ውስጥ የምትገባው ዘግይታ ነው፤ እርሷ ራሷ ለጋ ከተማ ናትና። በ1952 ዓ.ም. ገደማ ሲዳሞን ያስተዳድሩ በነበሩት በልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም አሳብና ጥረት በሐይቁ ዳር ተቈረቈረች፤ የጠቅላይ ግዛቱም ዋና ከተማነት ከይርጋለም ወደ እርሷ ዞረ። በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ወደ ሞያሌ የሚወርደውን መንገድ ሲያለማ፣ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ላይ የምትገኘው ይህች ከተማ የካሚዮን ማደሪያ ሆነች፤ ካሚዮን ባደረበት ደግሞ ጋራዥ አይጠፋም።

የዚያን ዘመን ጋራዥ እስቲ ጠጋ ብለን እንየው። ፊያት ካሚዮን ካምቢዮው ወርዶ በድንጋይ ተደግፏል፤ አለቃው ከሥር ተኝቷል፤ ረዳቱ አምፖል ይዞ ቆሟል፤ «አሥራ ሰባት ቁልፍ!» ሲባል ያቀብላል፤ ሌላ ጊዜ ዝም ብሎ ያያል። ፍሪሲዮን፣ ፖምፓ፣ ካምቢዮ የሚለውን የጣልያን ስም የሚማረው በጆሮው ነው። በቅኔ ቤት እንዳለው ደቀ መዝሙር ሁሉ ከመምህሩ አፍ ይቀበላል፤ ልዩነቱ የቅኔው ተማሪ ሲመሽ የሚያስቀጽለው መኖሩና የጋራዡ ልጅ ግን የተሳሳተ እንደ ሆነ የሚያርመው የሞተሩ ጩኸት ብቻ መሆኑ ነው። የተጻፈ ነገር ቢኖር የመለዋወጫ ነጋዴው ባንኮኒ ላይ ያለችው ካታሎግ ናት፤ ገጾቿ በግራሶ ጣት ጠቁረዋል፤ የምትጠቅመውም ዕቃውን በቍጥሩ ለማዘዝ እንጂ እንዴት እንደሚገጠም ለማወቅ አይደለም። ይህን ሙያ አልንቀውም፤ ደቡብን ከመሐል ሀገር ያገናኘው እርሱ ነው። ነገር ግን አለቃው ያረፈ ዕለት ዕውቀቱ አብሮት ወደ መቃብር ይወርዳል፤ ጋራዡም ከሀ ይጀምራል።

ዘመነ ደርግ ሲመጣ የመጻሕፍቱ ፊደል ተለወጠ። በ1968 ዓ.ም. የሐዋሳ እርሻ ኮሌጅ በተከፈተበት አካባቢ የመንግሥት እርሻዎች ተስፋፉ፤ ቤላሩስ ትራክተር በየማሳው ታየ፤ በናዝሬትም የትራክተር መገጣጠሚያ በሶቭየት እርዳታ ተሠራ። መመሪያዎቹ በሩስያ ፊደል የተጻፉ ስለ ነበሩ፣ በሚንስክና በኦዴሳ ተምሮ የተመለሰ ሰው በእርሻው ላይ ካለ መጽሐፉ ይናገራል፤ ያ ሰው ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት የተዛወረ እንደ ሆነ መጽሐፉ አብሮት ዝም ይላል። የሶቭየት ኅብረት ፈርሶ የደርግም መንግሥት በወደቀ ጊዜ፣ ትራክተሩ በመጋዘን ደጅ ቀረ፤ ከመጽሐፉ ስንቱ የበቆሎ መጠቅለያ እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም። እንግዲህ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የፈረንሳይ፣ የጣልያን፣ የእንግሊዝና የሩስያ ቋንቋ በጥገና ቤታችን ተፈራርቀዋል፤ አንዳቸውም ግን የተወው ወረቀት በአንድ ማእከል ተሰብስቦ፣ ተቈጥሮ፣ ስም ወጥቶለት አልቆየንም።

ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1992 ዓ.ም.፣ የሐዋሳው ኮሌጅ ከወንዶ ገነትና ከዲላ ኮሌጆች ጋር ተዋሕዶ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሚለውን ስም ያዘ፤ በዚሁ ዓመት የዩኒቨርሲቲው ሪፈራል ሆስፒታል ሥራ ጀመረ። ከዚህ ወዲህ የከተማዋ የጥገና ነገር ሁለት መንገድ ያዘ። አንደኛው የጎዳናው ነው፤ ባጃጅ ሐዋሳን ሲያጥለቀልቅ ጠጋኙ በስልኩ ቴሌግራም ከፍቶ ፒዲኤፍ መቀባበልን፣ በሕንድኛ የሚነገር የዩቲዩብ ትምህርት ቃሉን ሳይሰማ እጁን ብቻ አይቶ መከተልን ለመደ፤ ይህም መንገድ በራሱ ፈጥኖ ሄደ፤ ማንንም አላስፈቀደም። ሁለተኛው የተቋማቱ መንገድ ነው፤ እርሱ በመመሪያና በኮሚቴ የሚሄድ ስለሆነ አዘገመ።

በ2002 ዓ.ም. የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ለሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ ሲያወጣ፣ የሕክምና መሣሪያ አስተዳደርን ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጠው፤ በምዕራፉም ሆስፒታል ሁሉ የመሣሪያዎቹን ቈጠራ እንዲይዝና ለየመሣሪያው ዋና ዋና ሰነዶቹን የያዘ የታሪክ ፋይል እንዲከፍት አዘዘ። አሳቡ የሚመሰገን ነው፤ እኔም የሰማይ ስጦታ ያህል እቈጥረዋለሁ። ነገር ግን ፋይል ማለት በሀገራችን ልማድ ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን ማለት ነው፤ ቁልፉም በአንድ ሰው ኪስ ይውላል፤ ሰውዬው ለስብሰባ አዲስ አበባ የወጣ ቀን መሣሪያው ቢበላሽ መመሪያው አለም የለምም። ከዚህ ይልቅ የከፋው ግን ፋይሉ ውስጥ የሚገኘው ብዙ ጊዜ የተጠቃሚው መጽሐፍ መሆኑ ነው፤ እርሱ የሚያስተምረው ቁልፉን መጫንና አቧራውን መጥረግ ሲሆን፣ የውስጡን የኤሌክትሪክ ሥዕል፣ የስሕተት ቍጥሮችን ትርጓሜና የመለኪያውን ልክ የያዘው የጠጋኙ መጽሐፍ በአምራቹ ዘንድ ይቀራል። ግዢውን የፈረመው ሰው ሁለቱ ልዩ ልዩ መሆናቸውን ካላወቀ በጨረታው ላይ አይጠይቅም፤ ያልጠየቀውንም ማንም አይሰጠውም።

መጽሐፍ ባይኖርስ ምን ይጐዳል? የሚል ቢኖር መልሱ በዚያው ዘመን ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 ማልኪንና ኪን የተባሉ ተመራማሪዎች በ11 አገሮች ከሚገኙ 60 ድሃ ሆስፒታሎች 2,849 የጥገና ጥያቄዎችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ከተበላሹት መሣሪያዎች 72 በመቶ የሚሆኑት ከውጭ አገር መለዋወጫ ሳይመጣላቸው በአገር ውስጥ በተገኘ ዕቃ ብቻ ወደ ሥራ ተመልሰዋል። በሚቀጥለው ዓመት ፔሪና ያው ማልኪን በ16 አገሮች የ112,040 መሣሪያዎችን ቈጠራ አይተው፣ 40 በመቶ ገደማው ከአገልግሎት ውጭ መሆኑን አስታወቁ። ሁለቱን ጥናቶች አንድ ላይ ላነበበ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ ከመሣሪያው መካከል ብዙው የቆመው ገንዘብ አጥቶ አይደለም፤ የሚያውቅ እጅና የሚያሳውቅ ገጽ አጥቶ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2011 ስለ መሣሪያ ልገሳ ባወጣው ምክር፣ የሚለገስ መሣሪያ ከተጠቃሚውና ከጠጋኙ መጻሕፍት ጋር እንዲመጣ መክሯል።

ገጹ ቢገኝም ደግሞ ለሐዋሳ ሲባል ሊታረም የሚገባው ነገር አለ። አውቶክሌቭ የሚባለውን፣ የቀዶ ሕክምና ዕቃ በእንፋሎት የሚያመክነውን መሣሪያ እንውሰድ፤ በባሕር ጠረፍ ለሚኖር ሰው የተጻፈ መመሪያ፣ እንፋሎቱ 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲደርስ የግፊት መለኪያው መርፌ 15 ፓውንድ ላይ ይቁም ይላል። ሐዋሳ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ የአየሩ ክብደት ስለሚቀንስ ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ ያው 121 ዲግሪ የሚገኘው መርፌው 18 ፓውንድ ገደማ ሲያሳይ ነው። መመሪያውን ቃል በቃል አምኖ 15 ላይ ያቆመ ሰው፣ ዕቃው ሳይመክን መከነ ብሎ ለሐኪሙ ያስረክባል። ሊቃውንቶቻችን በብራናው ኅዳግ ላይ ትርጓሜ ይጽፉ እንደ ነበረ፣ «ይህ ቍጥር በሐዋሳ እንዲህ ይነበብ» የሚል ማስታወሻ ከገጹ ጋር ተያይዞ ሊቀመጥ ይገባዋል፤ ይህን የሚጽፈው ደግሞ በጃፓን ወይም በጀርመን ያለው አምራች ሳይሆን በዚሁ ከተማ የሚሠራው ባለሙያ ነው። የከተማው ባለሙያ ማስታወሻውን የሚያኖርበት የጋራ መደርደሪያ ከሌለው ግን በደብተሩ ጽፎት ከእርሱ ጋር ይሄዳል።

ሐምሌ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። የቻይናው ሲ.ሲ.ኢ.ሲ.ሲ. በዘጠኝ ወር ሠርቶ ያስረከበው ይህ ፓርክ፣ ከሕንድ፣ ከስሪ ላንካ፣ ከኢንዶኔዥያ፣ ከሆንግ ኮንግና ከአሜሪካ የመጡ ልብስ ሰፊ ኩባንያዎችን አስገባ፤ የሚወጣውን ፍሳሽ አጥርቶ መልሶ የሚጠቀመውን ጣቢያ ደግሞ የሕንዱ አርቪንድ ኤንቪሶል ሠራው። እንግዲህ በአንድ አጥር ውስጥ የስንቱ ሀገር መሣሪያ፣ የስንቱ ሀገር ቋንቋ መመሪያ እንደ ተሰበሰበ ማሰብ ነው! በፓርኩ ውስጥ መካኒክ ሆነው የሠሩ የከተማዋ ወጣቶች የስፌት መኪናን ፈትቶ መግጠምን በሚገባ ተምረዋል። ነገር ግን አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የንግድ ዕድል በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ስታስወጣና አንዳንዱ ኩባንያ ሲለቅ እንደ ታየው፣ ባለቤቱ የሄደ እንደ ሆነ የመመሪያው ኮምፒውተርም አብሮ ይሄዳል፤ የሚቀረው በወጣቱ እጅ ያለው ብቻ ነው። ከድሬዳዋና ከቤላሩስ ትራክተር የተማርነው ትምህርት ሦስተኛ ጊዜ መጣብን።

የኮሮና ወረርሽኝ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ታማሚ ሲያሳይ፣ የዓለም ሆስፒታሎች ሁሉ በአንድ ጊዜ የመተንፈሻና የኦክስጅን መሣሪያ ጥገና ፈለጉ። ያን ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2003 በካሊፎርኒያ በተማሪዎች የተመሠረተው አይፊክሲት የተባለ የጥገና ተቋም፣ ከ200 የሚበልጡ በጎ ፈቃደኛ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችንና መዝገብ ጠባቂዎችን አስተባብሮ፣ በግንቦት 11 ቀን ከ13,000 በላይ የሕክምና መሣሪያ መጻሕፍትን በአንድ ማእከላዊ ቤተ መጻሕፍት አሰናድቶ ለሁሉ ከፈተ። ከእርሱ አስቀድሞ ይህንኑ ሥራ ለብቻው የጀመረ ሰው ነበረ፤ በታንዛኒያ ይሠራ የነበረው ጀርመናዊ የሕክምና መሣሪያ መሐንዲስ ፍራንክ ቫይትሆነር፣ ለአፍሪቃ ሆስፒታሎች ጠጋኞች ሲል ለዓመታት መጽሐፍ እየለቀመ በነጻ ሲያድል ኖሯል፤ እኔ ከሁለቱ የሚበልጠውን አክብሮት ለዚህ ለብቸኛው ለቃሚ እሰጣለሁ።

የአይፊክሲት ሥራ ታሪኩ በመጻሕፍቱ ብዛት አያልቅም። ፈቃደኞቹ ያደረጉት ዋናው ነገር ለእያንዳንዱ ሰነድ አምራቹን፣ የመሣሪያውን ዓይነትና የሞዴሉን ስም መለየት ነበር፤ ምክንያቱም በማናቸውም የባለሙያ ላፕቶፕ ላይ እንደሚታየው፣ «ማኑዋል አዲስ»፣ «ማኑዋል ፋይናል»፣ «ፋይናል ሁለት» የሚል ስም ያላቸው መቶ ፋይሎች ከአንድ በትክክል ከተሰየመ ፋይል ያነሰ ጥቅም አላቸው። አንዱ ሞዴል እንኳ በሲሪያል ቍጥሩ ይከፈላል፤ ከአንድ ቍጥር በፊት የተሠራው አንድ ዓይነት ቦርድ፣ ከዚያ በኋላ የተሠራው ሌላ ቦርድ ሊኖረው ይችላል፤ ኦክስጅን ከአየር የሚለየውን ኮንሰንትሬተር የሚጠግን ሰው የሌላውን ዘመን የግፊት ልክ ተከትሎ ቫልቩን ቢያስተካክል፣ ናይትሮጅኑን የሚይዘው ማጣሪያ ሥራውን በትክክል አይሠራም፤ በሽተኛውም የሚተነፍሰው ኦክስጅን ይደክማል። ስለዚህ ሠራተኛው ከሁሉ አስቀድሞ ከመሣሪያው ጀርባ ያለችውን ትንሽ የስም ሰሌዳ ጎንበስ ብሎ ያንብብ፤ ቤተ መጻሕፍቱም በዚያች ቍጥር የሚፈለግ ይሁን። ክርክርም አልጠፋም፤ የማምከኛ መሣሪያ አምራቹ ስቴሪስ መጽሐፎቼ ይውረዱልኝ ብሎ ሲጽፍ፣ የዲጂታል መብት ተሟጋች ጠበቆች ለቤተ መጻሕፍቱ ቆመው ጥያቄውን አልተቀበሉም።

ይህ ሁሉ መልካም ዜና ግን ለእኛ ከስድስት ሳምንት በላይ አልዘለቀም፤ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በኢትዮጵያ በሙሉ ተዘጋ፤ የተከፈተው ከብዙ ቀናት በኋላ በሐምሌ ነው። በካሊፎርኒያ የተሰበሰበው 13,000 መጽሐፍ በዚያ ጊዜ ለሐዋሳ ጠጋኝ እንደሌለ ነበረ። ይህን ጉዳት ያየ ሰው መድኃኒቱ በከተማው ውስጥ የሚቀመጥ ቅጂ መሆኑን ይረዳል፤ መሣሪያውም አለ፤ ኪዊክስ የተባለው የስዊስ ሶፍትዌር መላውን ቤተ መጻሕፍት በአንድ ፋይል ጠቅልሎ ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብብ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የአይፊክሲት የጥገና መመሪያዎችም በዚህ መልክ ተዘጋጅተዋል፤ የሚፈለገው አንድ አነስተኛ ኮምፒውተርና የግቢ ዋይፋይ ነው።

ሀገራችንም ባዶ እጇን አይደለችም። የዩኒቨርሲቲዎችን መረብ የሚያስተዳድረው ኢተርኔት ብሔራዊ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍትና ብሔራዊ የምርምር ማከማቻ አቋቁሟል፤ የመመረቂያ ጽሑፍና የመማሪያ መጽሐፍ በዚያ ይገኛል። የጤና ሚኒስቴርም የሕክምና መሣሪያዎችን በኮምፒውተር የሚመዘግብ የመረጃ ሥርዓት አለው። ሁለቱ ግን ገና አልተገናኙም፤ አንዱ መጽሐፍ ሲሰበስብ የማሽን መጽሐፍን አላሰበም፤ ሌላው ማሽን ሲቈጥር መጽሐፉን አብሮ አልቈጠረም። የሕግ ጥያቄም የሚያስቸግር አይመስለኝም፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቍጥር 410/1996 ለቤተ መጻሕፍት የተወሰነ የመገልበጥ ፈቃድ ይሰጣል፤ ከዚያ የሚበልጠው ደግሞ በግዢው ውል ላይ አንድ አንቀጽ በመጨመር የሚገኝ ነው፤ ገዢ ከመፈረሙ በፊት የጠየቀውን ከፈረመ በኋላ ከሚለምነው ይልቅ በቀላሉ ያገኛል።

እንግዲህ ቃሌ በሐዋሳ ለሚሠሩ ለሦስት ሰዎች ነው። የግዢ ሹም ሆይ፣ በሚቀጥለው ጨረታ ሰነድህ ላይ የጠጋኙ መጽሐፍ በወረቀትና በፋይል፣ ቅጂውን በከተማው የጋራ ማከማቻ የማስቀመጥ መብት ጭምር እንዲሰጥ ጻፍ፤ መጽሐፉ ሳይመጣም የመጨረሻውን ክፍያ አትልቀቅ። የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆይ፣ ከሆስፒታሉ፣ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቹና ከፋብሪካዎቹ ጋር ተነጋግረህ አንድ ሰርቨርና ሥራው ይህ ብቻ የሆነ አንድ ሠራተኛ መድብ፤ ሠራተኛውም አዲስ ማሻሻያ ሲመጣ አሮጌውን የሚያወርድ፣ የማን እጅ እንዳስገባው የሚመዘግብ ይሁን። አንተም ጠጋኙ ወንድሜ፣ ነገ ጠዋት ሥራ ስትገባ ላፕቶፕህን ክፈትና ያሉህን ፋይሎች በአምራቹ፣ በሞዴሉና በሲሪያል ቍጥሩ ሰይማቸው፤ በደብተርህ የጻፍከውንም ለሌላው አካፍል።